የመድኃኒቴ መርዶ

ይህን የምጽፈው ሳንባውን ለታመመ ሰው ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ለአስታማሚው ነው። ቤታችሁ ውስጥ ታማሚ ካለና ሐኪሙ ስለ እሱ የነገራችሁን ነገር አንጀታችሁ አልችል ብሎ ደብቃችሁት ከሆነ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡኝ። ታማሚው ራሱ ካነበበው ደግሞ እሰየው፤ ሐኪሙን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ስሜ ስንሻው ነው። ሞጣ ከተማ፣ ገበያው አጠገብ ካለ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ከጎኔ አያ ሰይድ አሉ፤ ያንኑ በረንዳ ተካፍለን፣ እሳቸው በአንድ መኪና እኔ በሌላ መኪና እየሰፋን ነው ያረጀነው። ከስፌቱ ሌላ አንድ ሥራ ነበረኝ። የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ እነሳና በየመንደሩ እየዞርኩ ጡሩምባውን ነፍቼ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት እናገራለሁ። ጉራ አይሁንብኝና ትንፋሼ የታወቀ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲቀያየም እንኳ «ስንሻው ይንፋልህ!» ተባብሎ ነበር የሚራገመው።

ሕመሜም የጀመረኝ በጡሩምባው ነው። አንድ ማለዳ ለአንዲት ጎረቤታችን ልነፋ ወጥቼ ድምፁ ግማሽ ላይ ቁርጥ አለብኝ። ደገምኩት። እንደ ጥጃ እምቧ አለና ቀረ። በዚያው ቀን ቀብር ላይ የዕድራችን ዳኛ ጋሼ አያሌው ወደ ጎን ጠሩኝና፣ «ስንሻው፣ ጡሩምባው ምን ሁኖ ነው? ቀዳዳ አበጅቷል መሰለኝ» አሉኝ። እኔም እውነት መሰለኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩ ተነስቶ ጡሩምባው ወደ በያጅ ተላከ። ተበይዶ መጣ፤ ያው ሆነ። ከዚያ ሌላ ተገዛ። አዲሱም ያው እምቧ ሲል ጋሼ አያሌው፣ «ዘንድሮ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ እንዲህ ነው» ብለው ነጋዴውን አሙት። እንግዲህ የእኔ ሳንባ ከመመርመሩ በፊት ጡሩምባው ታክሞ፣ አልድን ብሎ፣ ተተክቷል።

አየር የሚያፈሰው ማን እንደሆነ ቀድማ የገባት ባለቤቴ አንጓች ናት። ሌሊት ሌሊት እንደ መጋዝ የሚፈገፍግ ደረቅ ሳል ይዞኝ ነበር። «ጡሩምባው ከአንተ ጋር አይተኛም፤ ሌሊት እንዲህ የሚያስልህ ምንድን ነው ታዲያ?» አለችኝ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ብርድ ነው ተብሎ ክኒን ተሰጠኝ። ክኒኑ አለቀ፣ ሳሉ ግን አልለቀቀኝም። ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ፤ ስሙን አልጠራም፣ ሰዎቹም ክፉ አልነበሩም። የደረቴ ፎቶ ላይ ጥላ ታየ። አክታዬ ሲመረመር የቲቢ ተሕዋስ አልተገኘበትም፤ ጥላው ግን ቲቢ ይመስላል ተባለና የቲቢ መድኃኒት ጀመርኩ። 

የዚያን ጊዜውን ኑሮ ማስታወስ አልወድም። አንጓች ኩባያዬን ለየች። ይቅርታ እየጠየቀች ነበር የለየችው፤ ለየች ግን። ልብስ የሚያሰፉት ሰዎች ለልክ ስጠጋቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። አያ ሰይድ ብቻ መኪናቸውን ከመኪናዬ አላራቁም። «ከሄድንም አብረን እንሄዳለን፤ ደግሞ እኔ ለብቻዬ ማንን ላማ ነው?» አሉኝ። መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳላጎድል ወራት ዋጥኩ። ሽንቴ ቀላ፣ ሰውነቴ ከሳ፣ ሳሉ ባሰበት። አንድ ቀን መሀረቤ ላይ ደም አየሁ። እናንተም ቲቢ ነው ተብላችሁ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰዳችሁ ለውጥ ካጣችሁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ ተመልሳችሁ ጠይቁ። እኔ ሐኪም መጠየቅ ነውር ይመስለኝ ነበር።

ልጄ ደሳለኝ አይሱዙ መኪና ይነዳል። አንድ ልጄ ነው። እህል ጭኖ ባሕር ዳር ሲሄድ ይዞኝ ሄደና ትልቁ ሆስፒታል አስገባኝ። ሲቲ ስካን በሚሉት መሣሪያ ደረቴን እንደ ዳቦ ቆራርጠው አዩት። በረጅም መርፌ ከሳንባዬ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ ደሳለኝ ብቻውን ተጠርቶ ገባ። ሲወጣ ፊቱን ታጥቦ ነበር። «ምን አሉ?» ስለው፣ «ዕጢ ነው አባየ፤ ትንሽ ዕጢ። በመድኃኒት ይሟሟል» አለኝ። 

እኔ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ። ከዚያ ይዞኝ የገባው ክፍል በር ላይ «የካንሰር ሕክምና» የሚል በትልቁ ተጽፏል። አንብቤው ገባሁ። ደሳለኝም ማንበቤን አየ። ሁለታችንም ስለዚያ በር አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። የቤታችን ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ሆነ፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ሲጋራ አጭሼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በሕይወቴ አንድም አላጨስኩም። የማተኩስበት ካውያ የከሰል ነው አልኳት። መዝግባ ያዘችውና፣ «ምክንያቱን ሁልጊዜ ማግኘት አይቻልም አባባ፤ ያላጨሰም ይታመማል» አለችኝ። ከዚያ ኬሞ የሚሉትን ጀመርኩ። በደም ሥር በጠብታ የሚገባ መድኃኒት ነው፤ በፍጥነት የሚራባውን ሴል ይገድላል፤ ክፉውን ሲገድል ደጉንም አብሮ ይነካል። ጸጉሬ ረገፈ። ውኃ እንኳ የብረት ጣዕም አመጣብኝ። በየሦስት ሳምንቱ ሄጄ፣ እዚያ ካለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ተራ እጠብቃለሁ። ማንም ማንንም «አንተስ የት ቦታ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። አንዲት ከቆላ የመጣች ሴት ሳቅለሸልሽ አይታ ሎሚ ከመሀል ሰንጥቃ እጄ ላይ አኖረችልኝ። «አሽትተው፣ አትምጠጠው» አለችኝ። በሚቀጥለው ዙር ሎሚ ይዤላት ሄድኩ፤ አላገኘኋትም። ስለ እሷም ማንንም አልጠየቅሁም።

መድኃኒቱ ጣቶቼን አደነዘዘ። መርፌ ብይዝ መያዜን አላውቅም፤ ክር ማስገባትማ አልታሰበም። አያ ሰይድ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድመው መጥተው መርፌዎቼን ሁሉ ክር አስገብተው የመርፌ መሰኪያዋ ትራስ ላይ ደርድረው ይጠብቁኛል። ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ቀን ብቻ ክሩ ሁሉ ቀይ ሆኖ አገኘሁትና «ምነው አያ ሰይድ?» ስላቸው፣ «ዓይኔም እንደ ጣትህ ሁኗል፤ ጥቁር መስሎኝ ነው» አሉኝ።

ከጥቂት ዙር በኋላ ሳሉ ለቀቀኝ። ስካን ሲደረግ ዕጢው ከግማሽ በታች ሆኗል። ዶክተሯ ሥዕሉን ለእኔው አሳየችኝ። ደስ የሚል ወሬ ለታማሚውም ይነገራል ማለት ነው። ሞጣ ገብቼ ጡሩምባውን ያዝኩና ሰው ሳይሞት ልነፋ ምንም አልቀረኝም ነበር። ከሳምንት በኋላ አንድ የታመሙ ሽማግሌ አረፉና ወጣሁ። ድምፁ እስከ ሰፈሩ ዳር ተሰማ። ለቅሶ ላይ ሆነው ሰዎች እኔን አይተው ፈገግ ሲሉ አፈርኩ። ጋሼ አያሌው፣ «አየህ፣ ጡሩምባው ተሻለው!» አሉ።

ሰኔ ላይ መንገዱ ተዘጋ። በምን እንደተዘጋ የእኛን አገር የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ዙር አለፈኝ። ተከፍቶ ስሄድ ሳሉ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ እንደገና ስካን ተነሳሁ። ውጤቱን ሊያመጣ የሄደው ደሳለኝ ነው። እኔ ቤት ቀረሁ፤ ቅር ያለኝም የለም። ሲመለስ «ደህና ነው፤ ትንሽ ዕረፍት ውሰድ ብለዋል» አለኝ። አንጓች ወዲያው ተቀበለችና፣ «ቢቸና እታለም ዘንድ ሂድ። ከዚህ ከገበያው አቧራ ትርቃለህ» አለች።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ናት፤ ቢቸና ከከተማው ወጣ ብላ ትኖራለች። ደሳለኝ በግንደወይን፣ በደብረ ወርቅ አድርጎ አደረሰኝና ትራሴን አስተካክሎ ሄደ። ክረምት ነው። ጥቁሩ አፈር ጫማ ይበላል፤ ጤፉ ተዘርቶ ብቅ ብሏል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን የሰዉ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። እታለም በፍልሰታ «ለአንተ ተፈቅዶልሃል» ብላ ዶሮ ታሳርድልኛለች። የማላውቃቸው ሴቶች ማር በዕቃ ይዘው ይመጣሉ። ቁጭ ብለው ያዩኛል፤ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ ሲወጡ እጄን ጠበቅ አድርገው ይዘው ይለቃሉ። ሳሌ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ይቆማል።

እኔ እኮ የዕድር ሰው ነኝ። መርዶ ያልተነገረው ሰው እንዴት እንደሚያዝ አሳምሬ አውቃለሁ። ልጁ የሞተበትን አባት ከመንገራችን በፊት ምሳ እናበላዋለን፤ ስለ ከብቱ እንጠይቀዋለን፤ ዓይኑን አናየውም። ቢቸና ላይ እኔን የያዙኝ ልክ እንደዚያ ነበር። አወቅሁት። ያላወቅሁት የማን መርዶ እንደሆነ ነው። ደሳለኝ ሳይደውል ሲውል ስልኬን እያነሳሁ አያለሁ። ያን ጊዜ መኪና የሚነዳ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን እንዳቀፈ ነው የሚያድረው። ስለ ራሴ ሳስብ ግን ተሽሎኝ ለዕረፍት የመጣሁ ነኝ። ሳሉን ከዝናቡ ነው ብዬ፣ የትንፋሼን ማጠር ከአቀበቱ ነው ብዬ አስቀመጥኩት።

የመስቀል ሰሞን አንድ ማለዳ፣ ሰማዩ ገና ሳይለይ፣ በሩ ተንኳኳ። እታለም ለብሳ ነበር። አልተኛችም ማለት ነው። በሩን ስትከፍተው ጋሼ አያሌው ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ከሞጣ ድረስ። ከኋላቸው የነፍስ አባቴ፣ ቀጥሎ አንጓች፣ ቀጥሎ ሁለት የቢቸና ሽማግሌዎች። ማታውኑ መጥተው ጎረቤት አድረዋል። ደንቡ እንዲያ ነው፤ መርዶ ነጋሪ ማታ መጥቶ ጎረቤት ያድራል፣ ሊነጋ ሲል ይገባል። እኔ ራሴ ስንቱን ጎረቤት አድሬበታለሁ።

«ሰላም ነው?» አልኩ።

«ሰላም ነው። እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በል» አሉ ጋሼ አያሌው።

ይህችን ቃል ከእኔ ጋር ሲዞሩ ነው የለመዷት። አልተቀመጥኩም። የአንጓችን ነጠላ አየሁት፤ አልተዘቀዘቀም። ከመንገር በፊት ነጠላ አይዘቀዘቅም፤ ይህንንም አውቃለሁ። አንድ በአንድ አየኋቸው። ዘመዱ ሁሉ አለ። ደሳለኝ የለም።

«ደሳለኝ የት አለ?»

አንጓች ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነችው።

«መኪናው ተገልብጦ ነው? ወይስ ታጣቂ መንገድ ላይ አገኘው?»

እታለም መሬቱን እያየች ማልቀስ ጀመረች። በቃኝ። «ልጄን!» ብዬ ጮህኩ፤ ደረቴን መታሁ፣ ያችኑ የታመመች ደረቴን። ድምፄ ከወዴት እንደመጣ አላውቅም፤ ጡሩምባውን የነፋሁበት የድሮው ትንፋሽ በዚያ ቅጽበት ተመለሰልኝ። ጎረቤቱ ሰማ። አንዲት ሴት «ደሳለኝን! ኧረ ያን የመሰለ ልጅ!» እያለች ግቢው ውስጥ እየጮኸች ገባች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ሽማግሌዎቹ እኔ ነገሩን አውቄ የማለቅስ መስሏቸው አብረው ያለቅሳሉ፤ ጎረቤቱ ልጄ የሞተ መስሎት ያለቅሳል። ጋሼ አያሌው ሁለት እጃቸውን አንስተው፣ «ኧረ ተው! ኧረ ተው ጉድ አታፍሉ! ልጁ ደህና ነው! ደሳለኝ ደህና ነው!» እያሉ ሲጮኹ የሰማቸው የለም። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው መሀል ሲቆሙ ነው ቤት ውስጥ የነበረው ጸጥ ያለው።

«ታዲያ ማን ሞተ?» አልኩ።

«ማንም አልሞተም» አሉ ቄሱ። «መድኃኒቱ ነው።»

«የምን መድኃኒት?»

«ባሕር ዳር የምትወስደው። ከእንግዲህ አይሠራም ተብሏል። ዕጢው ለምዶታል፤ ተመልሶ አድጓል ብለዋል ሐኪሞቹ። እኛም ለብቻህ እንዳትሰማው ብለን ነው።»

«እሰይ!» አልኩ። «እሰይ! እልል በሉ እንጂ!»

ሁሉም ደንግጠው አዩኝ። ያበድኩ ሳይመስላቸው አልቀረም። እኔ ግን ከልቤ ነው ያልኩት። ልጄ ሞቶ ተነስቶልኛል። የሳንባዬ ነገር በዚያ ሰዓት ከአንድ ፍሬ ጤፍ አይከብደኝም ነበር። ደሳለኝ የት እንዳለ ነገሩኝ፤ «ፊቱን ማየት አልችልም» ብሎ አስፋልቱ ዳር መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ጩኸቱን ሰምቶ ሮጦ ሲገባ ግቢውን የሞላው ሰው ገና የእሱን ስም እየጠራ ያለቅሳል። በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። አንገቱን አንቄ ሳምኩት። ከዚያ ሳሉ መጣ፤ ስስል፣ ስስል፣ እየሳልኩ ቀስ እያለ የተነገረኝ ነገር ገባኝ።

«መቼ ነው ይኼን የሰማችሁ?» አልኩ።

«ከፍልሰታ በፊት» አለች አንጓች።

ያን ጊዜ ተናደድኩ። የፍልሰታ ጾም ገብቶ ወጥቷል፤ አዲስ ዓመት አልፏል፤ የመስቀል ችቦ ታስሯል። ያን ሁሉ ጊዜ ዶሮ እየበላሁ፣ ማር እየላስኩ፣ ተሽሎኛል እያልኩ ተኝቻለሁ። «መድኃኒት ይቀየርለት አላሉም?» ስል ደሳለኝ አንገቱን ደፋ። ብለዋል። ቶሎ አምጣው ብለውታል፤ ደውለውም ጠይቀውታል። ግን መድኃኒቱ እንዲቀየር እኔ መሄድ አለብኝ፤ እንድሄድ መስማት አለብኝ፤ ሊነግረኝ የሚችል ሰው ደግሞ ጠፋ። «ማን ይንገረው?» ሲባባሉ፣ «ከዓመት በዓሉ በኋላ» ሲሉ፣ «ቄሱ ይምጡ» ሲሉ ነው ያ ሁሉ ጊዜ የሄደው። ክፋት አልነበረበትም፤ ሁሉም እኔን ስለሚወዱ ነው። ንዴቴን ግን ይኼ አላበረደውም፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልበረደም።

በማግስቱ ባሕር ዳር ሄድን። ዶክተሯ ስታየኝ፣ «ከሐምሌ ጀምሮ ስጠብቅዎት ነበር» አለች። ከዚያ ደረቴን አዳመጠች። በአንደኛው ጎን ውኃ ቋጥሯል፤ በመርፌ ቀዳችልኝ። ውኃው ሲወጣ ትንፋሼ መለስ አለ። 

እኔ፣ አንጓችና ደሳለኝ ፊቷ ተቀምጠን ጥያቄያችንን አወረድነው። ለካ እያንዳንዳችን ለብቻችን ጥፋተኛ ይዘን ነበር የመጣነው። ደሳለኝ መንገዱ የተዘጋበትን ዙር ነው የሚያስበው፤ በሌላ መንገድ ላደርሰው እችል ነበር ይላል። አንጓች ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ሳላውቅ ጥቁር አዝሙድ በማር እየለወሰች ስታበላኝ እንደነበርና መድኃኒቱን ያበላሸችው እሷ እንደሆነች ተናገረች። እኔ ደግሞ ሰውነቴ መድኃኒቱን የለመደ መስሎኝ ነበር፤ መጠኑ ከፍ ቢልልኝስ አልኩ።

«የለመዱት እርስዎ አይደሉም አባባ» አለችኝ። «ዕጢው ውስጥ ያሉት ሴሎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ከመጀመሪያውም ቢሆን መድኃኒቱ የማይበግራቸው ጥቂቶች ሊኖሩ ይችላሉ። አንዳንዱ መድኃኒቱ ሲገባበት መልሶ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። አንዳንዱ መድኃኒቱ የሰበረበትን ይጠግናል። አንዳንዱ ደግሞ መድኃኒቱ የሚይዘው የሚራባውን ስለሆነ፣ እስኪያልፍ ሳይራባ ያደፍጣል። ሌሎቹ ሲሞቱ እነዚህ ይተርፋሉ። ከዚያ ቦታው የእነሱ ነው፤ የሚራቡትም የእነሱ ዓይነት ናቸው። መጠኑን ብጨምር እርስዎን እጎዳለሁ እንጂ እነሱን አልገድልም።»

«ያ ያለፈው ዙርስ?» አለ ደሳለኝ።

«መዘግየቱ አልጠቀመም። በእሱ ምክንያት ነው ብዬ ግን ልዋሽህ አልችልም፤ አንድም ዙር ሳያልፋቸው እንዲህ የሚሆንባቸው አሉ።» ወደ አንጓች ዞረች። «እርስዎም እናቴ፣ የሚሰጧቸውን ሁሉ ለእኛ መንገር አለብዎት፤ ከመድኃኒት ጋር የማይስማማ ነገር አለ። ይኼን ያመጣው ግን የእርስዎ ማር አይደለም።»

አንጓች እዚያው ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ወራት ይዛው የኖረችው ነገር ነው። ማታ ለእታለም በስልክ ሳስረዳት፣ «አረም መድኃኒት ስንረጭ ሳትሞት የቀረችው አረም ዘሯን ጥላ በዓመቱ ማሳውን እንደምትወርሰው ነዋ» አለችኝ። ነው አልኳት። «ታዲያ እኛ እኮ መድኃኒቱን እንቀይራለን፤ ለሁለት ወር ዝም ብለን አንቀመጥም» አለችና ራሷ የተናገረችው ራሷን አስደነገጣት መሰለኝ ስልኩን ዘጋችው።

ሌላ መድኃኒት ተጀመረልኝ። ከመጀመሩ በፊት ዶክተሯን፣ «ከእንግዲህ የሚነገር ነገር ካለ ለእኔ ንገሪኝ፤ መጀመሪያ ለእኔ» አልኳት። ልጄን ተመለከተችው። ደሳለኝ ወለሉን እያየ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። መዝገቤ ላይ ጻፈችው። ያ የጠፋው ጊዜ ምን ያህል ለውጥ ያመጣ እንደነበር ጠየቅኳት፤ አላውቅም አለችኝ። አላውቅም ማለቷን ወደድኩላት።

ሁለተኛው መድኃኒት ሠራ። ዕጢው አልጠፋም፤ ግን ቆመ። ገናን ቤቴ ዋልኩ። ጥምቀት ላይ ታቦቱን ተከትዬ በእግሬ ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ለደሳለኝ አንድ ኮት ሰፋሁ፤ እጅጌው ትንሽ ዘምሟል፤ አያ ሰይድ አይተው እንዳላዩ አለፉ። ማገገም ማለት እንደ ድሮው መሆን ከሆነ እኔ አላገገምኩም። ግን እነዚያን ወራት ኖሬአቸዋለሁ፤ ምን እንዳለብኝ እያወቅሁ ነው የኖርኳቸው። ጡሩምባውን ለዕድሩ መለስኩ። የተረከበኝ ጎረምሳ እንዴት እንደሚነፋ ሳሳየው ማሳየት አቅቶኝ በአፌ ነገርኩት።

ከፋሲካ በፊት ሳሉ ተመለሰ። ድምፁን አወቅሁት። ባሕር ዳር ደሳለኝ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ብቻዬን ገባሁ። ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«አባባ፣ እንደተባባልነው ለእርስዎ ልንገርዎት?»

«ለእኔ።»

ነገረችኝ። የተረፉት እንደገና ተርፈዋል። ሌላ ልትሞክረው የምትችለው አንድ መድኃኒት አለ፤ አቅሜ ከፈቀደና ከተገኘ ነው። እስከዚያው ውኃውን መቅዳት፣ ሕመሙን ማስታገስ፣ ትንፋሽ ማገዝ ይቻላል። «ይድናል አልልዎትም» አለችኝ። ፈራሁ። ከወንበሩ ስነሳ እጄን ይዛ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ደሳለኝ ፊቴን አየ፤ አልጠየቀኝም። እስከ ሞጣ ድረስ መንገዱን ብቻ እያየ ነዳ። እኔም አልነገርኩትም፤ ግን እሱ እንዳደረገው ልደብቀው አልነበረም። እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው እያሰብኩ ነበር።

ዳግም ትንሣኤ እሑድ ሁሉንም ለምሳ ጠራኋቸው። እታለም ከቢቸና መጣች። ጋሼ አያሌው መጡ፤ የነፍስ አባቴም መጡ፤ አያ ሰይድ ለእሳቸው የሚሆነው ለብቻ ተሠርቶላቸው መጡ። በላን። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ልጆች ደጅ ኳስ ይጫወታሉ። ማንም ጎረቤት አላደረም። ሳህኑ ሲነሳ ተነስቼ ቆምኩ፤ መቆም ስላቃተኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«በመጀመሪያ፣ ማንም አልሞተም» አልኩ።

ጋሼ አያሌው ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው አፋቸውን ያዙ። እታለም እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ሁለተኛውም መድኃኒት መሥራት እንዳቆመ ነገርኳቸው። የዶክተሯን ቃል ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳልቀንስ ነገርኳቸው። አንጓች እጄን ያዘች፤ ጣቶቼ ድንዝዝ ስለሆኑ መያዟን ያወቅሁት አይቼ ነው።

ደሳለኝ ወደ በሩ አየ። መኪናው ደጅ ላይ ቆሟል፤ ቁልፉ በእጁ ነው። አሁን ተነስቶ ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሄድም ላልቀየመው ወስኜ ነበር።

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ።

«እሺ አባየ፣ ዶክተሯ ሌላስ ምን አለችህ?» አለኝ።